ቢራቢሮዋ ከየት ትወጣለች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግር አድርግ ሲሉኝ ግን እንቢ አልኩ። ቆሜ ማውራት አልወድም፤ ለዚያውም በድምፅ ማጉያ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የሺ ጋቢውን ተቀብላ አጣጠፈችና «እንግዲህ ቤት መዋልህ ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጓዳዬን አትንካብኝ።»

አልነካም አልኳት። በማግስቱ የሽሮዋን ቅል ከፍቼ የክዳኑን ሥር በጣቴ ስዳስስ ያዘችኝ። ሰሞኑን ኩርፊያ ሆነ። ከዚያ ነው ልጄ «አባዬ፣ እጅህ ሥራ ካልፈታ የሠራኸውን ለምን አትጽፈውም» ያለችኝ።

ጽሕፈቴ መልካም አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ያልገባው ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ቤቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ይታወቃል።

ሥራዬ የሰው ምግብ መጠበቅ ነበር። ከሌባ አይደለም፤ ለሌባው ዘበኛ ነበረ። እኔ የምጠብቀው ከቢራቢሮ ነው። ይህን ስል የሚስቁ አሉ። ይሳቁ።

ሰው ነቀዝን ያውቃል። ነቀዝ ጥቁር ነው፣ ይታያል፣ በወንፊት ይወርዳል። የኔዋ ሌላ ናት። ትንሽ አመድማ ቢራቢሮ ናት፤ የክንፏ ጫፍ የዛገ ነሐስ ይመስላል። አንዱ ብል ይላታል፣ አንዱ የእሳት እራት ይላታል፤ ብዙው ሰው ግን ስምም ሳይሰጣት በእጁ ገፋ አድርጎ ያልፋል። እሷ ራሷ ምንም አትበላም። የምትበላው ልጇ ናት። እንቁላሏን ዱቄት አጠገብ ትጥላለች፤ ከዚያ ከፀጉር የቀጠነች ትል ትወጣለች። ክዳን ቢከደንባትም አትመለስም፤ በከንፈሩ በኩል ሾልካ ትገባለች። እየበላች ድር ታደራለች፤ ሽሮው ይጓጉላል። ስትጠግብ ደግሞ ምግቡን ትታ ግድግዳውን ይዛ ወደ ላይ ትወጣና ጥግ ፈልጋ፣ ነጭ ጎጆ ሠርታ ትተኛለች። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ ጎጆዋን ያይና ጣሪያውን ጠርጎ ተገላገልኩ ይላል። የበላችው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ክክ፣ ባቄላ፣ በሶ፣ በርበሬና ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ከኋላው መጋዘን አለው። ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ፤ ቆይቼ መጋዘኑን ሰጡኝ። ደመወዙን አላወራም፤ ሁለታችንም አፍረንበት ነው የኖርነው።

ሐጂ ጠዋት መጋዘን ሲከፍቱ ዝም ብለው አይገቡም። በሩን ገፋ ያደርጉና ደፉ ላይ ይቆማሉ፤ ያሸታሉ። ጤነኛ ክክ የራሱ ሽታ አለው። የተበላ ክክ ግን ተዘግቶ የቆየ ሳጥን ይሸታል። ከዚያ ኮፍያቸውን ያወልቁና በጆንያዎቹ መካከል እያራገቡ ይሄዳሉ። የተኛች ካለች ትነሳለች። መጀመሪያ ጊዜ አንዷ ስትነሳ ልማታት እጄን ሰነዘርኩ፤ እጄን ያዙኝ።

«ተዋት። እንግዳ ናት።»

«ታዲያ ትቀመጥ፣ ሐጂ?»

«ቤቷን ሳትነግረን ለምን ትሞታለች? ከየት እንደተነሳች አየህ?»

አላየሁም።

«እንግዲያ ቁም። ሌላ እስክትነሳ እንቆማለን።»

ቆምን። ገበያተኛ ደጅ ላይ ሲጠራ እኛ በጨለማው ቆመናል። አንዷ ከበሶው ጆንያ ጀርባ ተነሳች። ሐጂ ሄደው ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከስፌቱ በኩል ቆንጠር አደረጉና ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። በሶው ከጣታቸው ላይ አልረገፈም፤ እንደ ክር ተንጠለጠለ። «ይኸው ድሯ» አሉኝ። ያን ጆንያ ያኔውኑ አወጣነው።

ለሌላው ነገር ሁሉ ሥርዓት ነበራቸው። ጆንያ መሬት አይነካም፣ ግድግዳም አይነካም፤ እንጨት ተረብርቦ እላዩ ላይ ይደረደራል፤ በግድግዳውና በጆንያው መካከል ሰው በጎኑ ማለፍ አለበት። አሮጌው ሳያልቅ አዲስ አይጨመርበትም። ባዶ ጆንያ ይገለበጣል፣ ስፌቱ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል። የመጣው እህል ሁሉ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ይታያል፤ የወንድማቸውም ቢሆን። ገዢውን እንኳ አይለቁም። አንዲት ሴት ሽሮ የሚሆን ክክ ልትገዛ መጥታ ከረጢቷን ዘረጋች። ሐጂ የከረጢቱን ጥግ ገልብጠው አዩ፤ የአምና ዱቄት ተጋግሮበታል።

«አራግፊና ነይ፤ አላፈስበትም» አሏት።

«ሐጂ፣ እህል ሊሸጡልኝ ነው ወይስ ሊያጥቡኝ?»

«ዛሬ ክክ እሸጥልሻለሁ፤ የዛሬ ወር ትል ሸጠልኝ ትያለሽ።»

ተቆጥታ ሄደች። ማዶ ካለው ሱቅ ትገዛለች ብዬ ስጠብቅ ከረጢቷን አጥባ፣ እርጥቡን ይዛ ተመለሰች። ሐጂ እርጥቡንም አልቀበልም አሉ። ያን ቀን የሰደበቻቸውን እዚህ አልጽፈውም። ኋላ ግን እስከ መጨረሻው ደንበኛቸው ነበረች።

ከሐጂ ዘንድ ወጥቼ እብናት የእህል መጋዘን ተቀጠርኩ። እብናት ከደብረ ታቦር ይሞቃል፤ ቢራቢሮ ደግሞ ሙቀት ትወዳለች። ማሽላው ከማሳው ይዟት ይመጣል፤ ፍሬው ውስጥ ተደብቃ ነው የምትገባው። አለቃዬ አቶ ክንዴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሌባ ግን ይፈራሉ። ከፍርሃታቸው የተነሳ መስኮቶቹን ሁሉ በተዋሱት ቆርቆሮ አስመትተዋል። መጋዘኑ ውስጥ ስትገባ ምድጃ አፍ የቆምክ ይመስልሃል። ቆርቆሮው ይነሳ፣ ወንፊት ሽቦ ይመታ አልኩ።

«ሌባ ቢገባስ?» አሉኝ።

«ሌባ የያዘውን ይዞ ይሄዳል፣ ጋሼ። ይህች ግን ልጆቿን ትታ ነው የምትሄድ።»

እየተጨቃጨቅን ዓመት አለፈ። በመጨረሻ የቆርቆሮው ባለቤት መጥቶ ንብረቴን መልሱ ሲል ነው ሽቦው የተመታው፤ በኔ ብልሃት አይደለም። ብቻ አየር ሲገባ ቢራቢሮው ቀነሰ፤ አቶ ክንዴም እኔው አዘዝኩ እያሉ ያወሩ ነበር። ተውኳቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ የተማሪዎች ምግብ ቤት መጋዘን ያዝኩ። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። በዚያ ቤት የገጠመኝን ሳልናገር ብቀር ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው።

ወጥ ቤቱን የምትመራው አስካለ ትባላለች። ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ አያ ይርዳው እያለች ነው የምትጠራኝ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ባል የሌላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ሽሮ እንደነሱ የሚመጥን አላየሁም። አተሩንና ባቄላውን አምሰው፣ ሸክሽከው፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን ለየብቻ አድርቀው ነው ወፍጮ የሚልኩት። ለሁዳዴ ይሄንኑ ሲያዘጋጁ ሰንብተው ልብሳቸው ሳይቀር ሽሮ ሽሮ ይላል።

ፋሲካ ሲገባ ግን ሽሮ ፊት የሚሰጠው የለም። ሁዳዴን ሙሉ ሲበሉት የከረሙ ሰዎች በበዓለ ሃምሳ ሽሮ ብታቀርብላቸው ይቆጣሉ። የተረፈው በበርሚል ተከድኖ የሰኔን ጾም ይጠብቃል። ያ ጊዜ ደግሞ ሞቃቱ ወር ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለ መጋዘን ጠባቂ በፋሲካ ሲያርፍ እኔ በፋሲካ ነው ሥራዬ የሚጀምር።

አንድ ዓመት ዳግም ትንሣኤ እንዳለፈ፣ ሥጋው አልቆ ሽሮ በቀረበበት ቀን፣ አንድ ተማሪ ከሽሮ ወጡ ውስጥ ትል አወጣ። ትሉን ማንኪያ ላይ አድርጎ አዳራሹን ዞረ። ትሪዎቹ ሁሉ ወደ ፊት ተገፉ። የምግብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙሉቀን ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ በእሱም ላይ የሚጮህበት አለ። መጥቶ መጋዘኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ወጣ። ከመጮህ ይብሳል።

ሽሮውን በሙሉ አወጣነው፤ ከብት አርቢ ጭኖ ወሰደው። አስካለ ጭነቱ ሲወጣ ፊቷን አዙራ ቆማ ነበር። መጋዘኑን ባዶ አደረግነው። ርብራቡን በፈላ ውሃ አጠብን፣ በርሚሎቹን አጥበን ፀሐይ ላይ አዋልን፣ የጣሪያውን ጥግ ሁሉ ጠረግሁ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈንኩ። ሐጂ ያስተማሩኝን አንድም አላስቀረሁም። ሴቶቹ እንደገና አምሰው፣ እንደገና መጥነው ለሰኔ ጾም አዲስ ሽሮ አዘጋጁ።

ጰራቅሊጦስ ሲቃረብ አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። አሸተትኩ። ኮፍያዬን ሳላወልቅ ነው የተነሳችው። ሌላም ተከተለች። የአዲሱን በርሚል ክዳን አነሳሁ፤ ከክዳኑ ከንፈር ላይ ድር ጀምራለች። እዚያው የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

አልደበቅሁም። አቶ ሙሉቀን ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። አስካለን አስጠራትና ሁለታችንን አቁሞ ተናገረ።

«ከላይ የተነገረኝን ልንገራችሁ። በሰኔ ጾም አንድ ትል ትሪ ላይ ከተገኘ ወጥ ቤቱ ለኮንትራት ይሰጣል። ኮንትራክተሩ የራሱን ሰዎች ይዞ ነው የሚመጣው። ሴቶቹ በሙሉ ይሰናበታሉ። እኔ ልከላከልላቸው አልችልም።»

ስለ እኔ ምንም አላለም። እኔ ለጡረታ የተቃረብኩ ሰው ነኝ። አስካለ ከቢሮው ስንወጣ «አያ ይርዳው፣ እነዚህን ሴቶች ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?» አለችኝ።

«ገና አትንገሪያቸው» አልኳትና ሐጂን ፍለጋ ሄድኩ።

ሐጂ በዚያን ጊዜ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ነበር። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደዋል አለኝ ልጁ። በሐሙሲት በኩል ወርጄ ደረስኩ። እስከ አንገታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይርዳው ነህ?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አረማመድህ የተበላ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው።»

«ሐጂ፣ ተነሱልኝ። መጋዘኔ ተበላ።»

«የኔም ጉልበት ተበላ። ተራ ያዝ።»

ዳር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሴቶቹንም ነገር ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሁሉን አወጣህ?»

«ሁሉን።»

«ሁሉን ካወጣህ ከየት መጣች? በዝናብ ወረደች?»

«እሱን ብዬ አይደለም የመጣሁት?»

«ሳታወጣ የቀረኸው አለ። ሰው የማያወጣው ነገር ነው። በል ልብሴን አቀብለኝ፤ እነዚህ ሰዎች ዘወር ይበሉ።»

ደብረ ታቦር ስንገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሐጂ ያችን ሰዓት ነው የሚፈልጓት፤ ቢራቢሮዋ መብረር የምትጀምረው ሲመሽ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ አስቀመጥኳቸው። መብራት አጥፋ አሉኝ። አስካለ በሩ ላይ ቆመች።

በመስኮቱ የምትገባው ብርሃን እየቀጠነች ስትሄድ አንዷ ተነሳች። ከበርሚሎቹ አይደለም። ከላይም አይደለም። ከወጥ ቤቱ ጋር ከሚገናኘው ግድግዳ ነው። ከጀርባው ምድጃው ስላለ ያ ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል። እሱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ወጥ ቤት ውስጥ እንዳይጠቁር ብለው ሴቶቹ ወደ መጋዘኑ ያዛወሩት ነው፤ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ሁሉን ሳጥብ፣ ሁሉን ስጠርግ እሱን አልነካሁትም። አቧራ እንዳይነካው እንዲያውም ላስቲክ አልብሼው ነበር፤ ከዚያ መልሼ ገለጥኩት። እንዴት እነካዋለሁ?

ሁለተኛዋ ከመጋረጃው ሥር ወጣች። ሦስተኛዋም።

ሐጂ ተነስተው ቀረብ አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሥዕሉ በታች ያለውን ግድግዳ አዩ። ደቃቅ ብናኝ ወርዶበታል።

«እዚያ ላይ እኔ እጄን አላነሳም» አሉ ቀስ ብለው። «አንተም አታንሳ። የሰቀለችው ታውርደው።»

አስካለ አማተበች፤ መጋረጃውን ገለጠች፤ ሥዕሉን ሳመችና አወረደችው። ከጀርባው ሚስማር ላይ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከረጢቱ በድር ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል። ስትከፍተው ደረቅ ዳቦ ነው፤ ቁራሽ በቁራሽ ላይ። አብዛኛው ዱቄት ሆኗል። ውስጡ ይንቀሳቀሳል።

አስካለ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሴቶቹ የማርያም ማኅበር አላቸው። በየወሩ ዳቦ ጋግረው ካህን ባርኮላቸው ይካፈላሉ፤ የሌለ ሰው ድርሻ ይቀመጥለታል። ታንጉት የምትባል ነበረች፤ አስካለን ራሷን ወጥ ያስተማረቻት ናት። ወገቧን ታማ ጋፋት፣ ልጇ ቤት ገባች። በመጀመሪያ አማቿ ገበያ ሲመጣ ድርሻዋን ይወስድላት ነበር። ኋላ እሱ ለሥራ ቆላ ወረደ፤ የሚወስድላት ጠፋ። ሴቶቹ ግን ማስቀመጡን አልተዉም። ጋፋት ቅርብ ነው። ቅርብ ስለሆነም ነው ነገ እንሄዳለን እያሉ የቀሩት። የተባረከ ዳቦ አይጣልም፤ የታንጉትን ድርሻ ደግሞ ማን ይበላዋል? ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ሰቀሉላት፤ እሷ ትጠብቅላት ብለው።

«እኔው ነኝ ለካ» አለች አስካለ። «እኔው በእጄ አሳድጌ አስበላኋቸው።»

ሐጂ ወደ ጨው ጆንያቸው ተመለሱ። «ማብላቱንስ አብልተሻል፣ ልጄ» አሏት። «በዪው ነው የተለወጠው።»

እያለቀሰች ሳቀች።

ከረጢቱን ግን እንዴት እናድርገው? አስካለን እናቃጥለው ብላት እጄ ይቆረጥ አለችኝ። መጋዘን ውስጥ ደግሞ አያድርም አልኳት። ተጨቃጨቅን። ሐጂ መካከል አልገባም አሉ። በመጨረሻ በድርብ ላስቲክ አሥሬ ከግቢው ውጭ፣ ዘበኛው ዘንድ አሳደርኩት። በማለዳ የንስሐ አባቷ መምሬ አዱኛ ዘንድ ይዘን ሄድን። መምሬ ከረጢቱን ከፍተው አዩና ቶሎ ዘጉት።

«በረከቱን ትል አልወሰደውም» አሉ። «ግን ሰው የማይበላውን ለማን ነው የምታኖሩት?»

«ለታንጉት ነበር፣ አባቴ።»

«ታንጉት ጥርስ የላትም። ይህን ድንጋይ ብታመጡላትስ በምን ትበላው ነበር?»

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ላይ ጸልየው አቃጠሉት፤ አመዱን እዚያው አፈር አለበሱት። አስካለ ካህኑ እጃቸውን ሲያነሱ ነው ከልቧ የተነፈሰችው።

መጋዘኑን እንደገና አወጣን፤ አሁን ግን በእውነት ሁሉን። ሚስማሩን ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ሥዕሉን ተማሪዎቹ ከሚመገቡበት አዳራሽ ፊት ለፊት አዛወርነው። ሽሮው ገና ከላይ ከላይ ብቻ ነበርና የተነካው፣ ያንን ገፈን አስወገድን፤ የቀረውን ሴቶቹ በጥሩ ወንፊት ነፍተው፣ መልሰው በምጣድ አሙቀው፣ በየትንንሹ በአፈ ጠባብ ጀሪካን አሸጉት። ሐጂ ወንዛዬ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ነገር አሉኝ፤ «አሁን አልቋል እንዳትል። የጣለችው እንቁላል አለ። በየማታው ሳህን ውሃ መብራት ሥር አስቀምጥ፤ ጠዋት እየው።» አስቀመጥኩ። በየጠዋቱ ውሃው ላይ የምትንሳፈፈው እያነሰች ሄደች።

ጾሙ የገባ ቀን አቶ ሙሉቀን ማንም ሳይጠራው ወጥ ቤት መጣ። ጭልፋውን ከአስካለ ተቀብሎ ከድስቱ ግርጌ አወጣ፣ እንጀራ ላይ አድርጎ ቆሞ በላ። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ትተው ያዩታል፤ እስከዚያ የኮንትራቱን ወሬ ሰምተውት ነበር።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

«ጨውማ ይጨመራል» አለች አስካለ።

ይህ ግን የመጀመሪያው ቀን ነው። ቢራቢሮ አንድ ቀን ታይቶ አይታመንም። በየማለዳው ደፉ ላይ ቆሜ አሸትት ነበር፤ አስካለ ከኋላዬ መጥታ ትጠብቀኛለች። የለችም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ወደ ምድጃዋ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት ሳህኑ ላይ ውሃ ብቻ ነበር። በማግስቱም ውሃ ብቻ። ክረምቱ ገባ፣ ቀዘቀዘ፣ ተማሪዎቹ ፈተና ገቡ፤ ትሪ ላይ የተገኘ ትል የለም። የኮንትራቱን ነገር ያነሳው ሰው አልነበረም። አቶ ሙሉቀንም አላነሳውም፤ እኛም አላስታወስነውም።

የሰኔ ማርያም ዕለት ሴቶቹ ዳቦአቸውን ጋገሩ፣ አስባረኩ፣ ተካፈሉ። የታንጉትን ድርሻ አስካለ በነጠላዋ ጠቅልላ በእጇ ያዘችውና ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እንሂድ እንጂ» አልኳት።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጭቃውን እየሸሸን በእግር መንገዱ ጋፋት ደረስን። ታንጉት ደጃፍ ላይ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። አስካለን ስታይ መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ስታውቃት ደግሞ ልትነሳ ሞከረች፤ ወገቧ እንቢ አላት። አስካለ ጎንበስ ብላ ተቃቀፉ። ዳቦውን ስታወጣላት ታንጉት ተቀብላ ሳመችው።

«ረሳችሁኝ ብዬ ነበር» አለች።

አስካለ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከረጢቱን፣ ትሉን፣ ኮንትራቱን፣ መምሬን። ታንጉት እየሰማች ዳቦውን ቆረሰች፤ ቆርሳ በጣቷ አለሰለሰችና ትንሽ በትንሽ በላች። ስትጨርስ የቀረውን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ መቋጠር ጀመረች።

«ይህ ደግሞ ለምንድነው?» አልኳት።

«እነዚያ ወጥ ቤት የቀሩት ልጆችስ? ከኔ ጋር አልተካፈሉም እኮ። ሰው ሲመጣ እልክላቸዋለሁ፤ እስከዚያ እዚህ ትቀመጥ።»

«አትቀመጥም» አልኳት።

ከእጇ ተቀበልኩና ኪሴ ውስጥ አደረግሁት። አስካለ አፏን ይዛ ሳቀች። ደብረ ታቦር ስንደርስ ሴቶቹ የራት ድስት ጥደው ነበር። ዳቦውን አውጥቼ ታንጉት ልካለች አልኳቸው። እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ፤ ምድጃው ፊት ቆመው ተካፍለው በሉት። አስካለ የወደቀውን ፍርፋሪ ከመሬት ለቀመችና እሱንም በላችው።